አቻ ያጣችው ጀሪካን

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፤ ውጤት ግን አልመጣልኝም። ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ እናቴን ሳነጫንጫት ከርሜ ንፋስ መውጫ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት መጋዘን በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። መጋዘኑ የሰብል ተባይ መግደያ የሚቀመጥበት ነው። በርሜል አለ፣ ጀሪካን አለ፣ በካርቶን የታሸገ ዱቄት አለ። የሁሉም ጽሑፍ በፈረንጅ አፍ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ «ይሄ ለተምች፣ ይሄ ለነቀዝ» እያሉ እያሸተቱ ይለዩት ነበር። እኔም እንደሳቸው ማሽተት ጀምሬ ነበር፤ ሳስበው አሁንም አፍንጫዬን ያሳክከኛል።

በገባሁ በስድስተኛው ወር ባሕር ዳር ለስልጠና ላኩኝ። መርጠውኝ አይደለም። መሄድ የነበረባቸው ኃላፊው ናቸው፤ እሳቸውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መኪናም ያዞራቸዋል። «አንች ሂጅ ልጄ፤ እንደሆነ መቀመጫሽ አይረጋ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አሰልጣኙ ነጭ ካፖርት የለበሰ ኬሚስት ነበር። አንድ ኬሚካል መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት አደጋው እንዴት እንደሚመረመር አሳየን። ትንሽ የነሐስ ጽዋ ውስጥ ፈሳሽ ይጨምርና ከሥሩ በቀስታ ያሞቀዋል። ሙቀቱን እያነበበ አፉ ላይ ትንሽ ነበልባል ያሳልፋል። ምንም የለም። ደግሞ ያሳልፋል፤ ምንም የለም። ከዚያ ድንገት ብልጭ! «በዚህ ሙቀት እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ ከሚቀጣጠሉት ተመድቧል» ይለናል። ሌላውን ቆርቆሮ ላይ ጠብ ያደርገዋል፤ ቆርቆሮው ሲንተከተክና ሲበሳ ዓይናችን እያየ። ምድቡ ሁሉ የራሱ ምልክት አለው፤ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን፣ ከታቹ ቁጥር። ሦስት የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ ስድስት መርዝ፣ ስምንት ብረትና ሥጋ የሚበላ። እንዴት ደስ አለኝ! እኛ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ማለት ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነበር።

መርዙ ላይ ስንደርስ እጄን አወጣሁ። «መርዝነቱስ በምን ይለካል?»

«በአይጥ» አለኝ። ለአይጦች እየመጠኑ ይሰጧቸዋል፤ ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ይመዘገባል። ለዚያ ጥቂት ከበቃ ኃይለኛ መርዝ ነው፤ ብዙ ከፈጀ ለዘብ ያለ ነው።

«ለምን ግማሾቹ? ሁሉንም የሚገድለው አይሻልም?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እሱ አልሳቀም። «ሁሉንም የሚገድለውን ማንም ያውቀዋል» አለ። «የሚያስቸግረው ማን እንደሚተርፍ የማይታወቅበት ነው።»

ያን ቀን ምሳ ሰዓት አይጦቹን ነበር የማስበው። ሰዎች ተሰብስበው፣ እርሳስ ይዘው፣ ግማሾቹ እስኪወድቁ ይቆጥራሉ። ደግሞ ትክክል ነበሩ፤ አለበለዚያ በምን ይታወቃል? ትክክል መሆናቸው ነው ያስደነገጠኝ።

ተመልሼ መጋዘኑን ሳየው ራሴን ያዝኩ። የዘበኛው ፍራሽ የመርዙን በርሜል ተደግፎ ተነጥፏል። የቢሮው ስኳር ባዶ የመርዝ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ላምባው ከዱቄቱ ጎን። ሁለት ቀን ሙሉ ስጎትት፣ ስጠርግ፣ ስሳደብ ዋልኩ። ቀይ ቀለም ገዝቼ ምልክቶቹን በየሳንቃው ላይ ሳልኩ። ዘበኛውን ፍራሹን ሳስወጣበት «አሥር ዓመት ተኝቼበታለሁ፣ ሞትኩ?» አለኝ። ኃላፊው ደግሞ በሩ ላይ ቆመው «ጸሐፊ ልከን ጄኔራል መጣችልን» ይላሉ። ይበሉ። እኔ ከስልጠናው ወረቀት ገልብጬ በትልቁ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ቸነከርኩ፦ «መርዝ ለብቻው ይጫናል። ከምግብ፣ ከልብስ፣ ከሰው ጋር አይጫንም።»

ወረቀቱ የተጻፈው ለመኪና ነበር። እኛ ዘንድ መኪና የሚመጣው እስከ ንፋስ መውጫ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ፣ ዕቃው ሁሉ በአህያ ነው የሚሄደው። ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት አህያ እየተጫነ በሚወጣበት ደጅ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ስማዳ ቆላው ላይ ተምች ወረደ ተባለ። ያለውን መድኃኒት በአስቸኳይ ላኩ የሚል ወረቀት መጣ። የነበረን ስድስት ጀሪካን ነው። እንደተማርኩት እያንዳንዱን ገልብጬ ደረቅ አመድ ላይ አቆምኳቸው። የአንዷ ክዳን አመዱን አረጠበው። ያችን ለየኋት። አምስቱ ደረቅ ሆኑ። እንዴት ኮራሁ! ኃላፊውን ጠርቼ አመዱን አሳየኋቸው፤ «እንዲህ ነው ፍተሻ ማለት» አልኳቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አይተው «እሽ፣ አምስቱ ይሂዱ» አሉ።

ሊጭን የመጣው ለዓመታት የመጋዘኑን ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። በዕድሜ አባቴን ያህላል። ሦስት አህዮች አሉት። አፉ ግን ዝም አይልም፤ አገር የሚያስቅ ሰው ነው። ጀሪካኖቹን በዓይኑ ቆጠረ።

«አምስት ናቸው?»

«አምስት ናቸው ጋሼ።»

ሁለቱን ገፋ፣ ሁለቱን ገፋ፣ አንዷን በእግሩ ነካ አደረጋት። «ይችስ? ያለ ባል ልትሄድ ነው?» ቀና ብሎ አየኝ። «ቁርጥ አንችን! አቻ አጥታ ቀረች።»

ወዛደሮቹ በሳቅ ፈረሱ። በዚያው ሰሞን ደጃችን የመጡ ሽማግሌዎችን በራሴ አፍ «አላገባም» ብዬ መልሼ ነበርና ከተማው ሁሉ ያንን ነበር የሚያወራው። ደሜ ፈላ።

«አንተ!» አልኩት። አባቴን የሚያህለውን ሰው አንተ አልኩት። «የታዘዝከውን ጫን! ለብቻው ይጫናል ተብሎ ተጽፏል፣ ለብቻው ጫን። አፍህን ሌላ ቦታ ሂድና ክፈት።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። እሱም ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። «ለብቻው ይጫን» የሚለው ያለበትን የማስረከቢያ ወረቀት አነበብኩለት፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። «እሽ፣ እመቤቴ» አለ። አህዮቹን ግቢ እንዳያስገባ ቀደም ብዬ ከልክዬ ስለነበር ጀሪካኖቹን እያወጣ የጫነው ከአጥሩ ውጭ ነው። ወጥቼ አላየሁም። ዝም ማሰኘቴ ነበር ደስ ያለኝ። ከሰዓት በኋላ ነው የሄደው፤ መንገድ ላይ አድሮ በማግስቱ ታች ጋይንት ይገባል።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገና መቀመጤ ነበር፤ ሚስቱ መጣች። በሣር የታሰረ እንቁላል ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷ እየሳቀ።

«አምስተኛዋን የጨመርሽለት አንች ነሽ?»

«ምኑን አምስተኛ?»

«ያችን ጀሪካን ነዋ! እህቱ ወልዳለች፤ ቤቷ ታች ጋይንት ነው፣ አርብ ገበያ ከተማ ሳይደረስ። ለአራሷ ብዬ ገብስ ቆልቼ አስፈጨሁላት። ዱቄቱ አንድ ጆንያ ሆነ፤ አህያ ደግሞ ባንድ ጎኑ አይጫን! በወዲያ በኩል ድንጋይ ልጫንበት እንዴ እያለ ሲብሰከሰክ ነበር የሰነበተው። እግዜር ይስጥሽ እታለም፤ ድንጋይ ከሚሸከም የመንግሥት ዕቃ ተሸከመ።»

እንቁላሉ ከእጄ አልወደቀም። ቢወድቅ ይሻለኝ ነበር። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ አንዱ ሊንከባለል ሲል በወረቀት ደገፍኩት። ይህን ሁሉ ሳደርግ ጭንቅላቴ ውስጥ የሰውዬው እግር ጀሪካኗን ነካ ሲያደርግ ይታየኛል። ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ። ሦስተኛው አህያ። ለብቻዋ የምትጫን ጀሪካን የለችም! ብትጫን አህያው ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጭነቱ ዞሮ ሆዱ ሥር ነው የሚገባው። ይህን የማያውቅ በአገራችን የለም። እኔም አውቃለሁ። እሱ ጠይቆኛል። በቀልድ ነው የጠየቀኝ፣ እሱ ከቀልድ ሌላ ምን አፍ አለው? አንተ ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ለኃላፊው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ለታች ጋይንት ደብዳቤ እንጻፍ» አሉ።

«ደብዳቤው እስኪደርስ ይበሉታል!»

ደብተሬን ከመሳቢያ መዥርጬ ወጣሁ። የያንዳንዱን ጀሪካን ጽሑፍ በስልጠናው እንደታዘዝነው ፊደል በፊደል የገለበጥኩበት ደብተር ነው። ሚስቱ ተከተለችኝ። «ምን ሆንሽ? ተጣላችሁ እንዴ?» ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? ከተማውን ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ነገርኳት። ዱቄቱንና ጀሪካኗን አንድ አህያ ላይ፣ ማታ ሲወርዱ አንድ ክምር ላይ፣ እጁን፣ መጫኛውን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«በሶ እየበጠበጠ ነው የሚሄደው» አለች። የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ከፊቴ ገባች። ከዚያ በኋላ ልደርስባት አልቻልኩም። ስሮጥም አልደረስኩባትም።

አራሷ ቤት የደረስነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ነው። አህዮቹ ደጅ ታስረዋል። ጭነቱ ግድግዳው ሥር ተከምሯል፤ ጀሪካኖቹ ከላይ፣ ጆንያው ከሥር፣ አፉ ተፈትቶ። በአንድ ጎኑ መዳፍ የሚያህል ጥቁር እርጥበት ወጥቶበታል። ያችው ናት፣ አምስተኛዋ፣ ክዳኗ ዙሪያውን ወዝቷል። አመድ ላይ ቆማ ያላፈሰሰችው አህያ ላይ ስትናወጥ፣ ፀሐይ ሲመታት ውላ አፈሰሰች። የእኔ ፍተሻ ቆሞ ለሚውል ዕቃ ነበር።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሰውዬው መደቡ ላይ ተዘርግቷል። ላቡ ዝናብ የመታው ያስመስለዋል፤ ለሀጩ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ የክንዱ ሥጋ ከቆዳው ሥር ለብቻው ይርገበገባል። ዓይኑን ገልጬ አየሁት። ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ ሆኗል።

«መጋኛ መታው» አሉኝ አንዲት አሮጊት። የአራሷ አማት ናቸው። በአንድ እጃቸው ራሱን ደግፈው በሌላው ጣሳ ይዘዋል። «ከገባ ጀምሮ ያስመልሰዋል። በማር በጥብጨ ይችን እሰጠዋለሁ፣ አልረጋለት አለ እንጂ።»

በሶ ነው። ከዚያው ጆንያ። ሰውዬውን ለማዳን ከዚያው እየቀዱ ያጠጡታል። ከምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፣ ውኃው ይንፈቀፈቃል፣ አጠገቡ ዱቄቱ ተነፍቶ ተቀምጧል። የአራሷ ገንፎ።

ጣሳውን በጥፊ አልኩት። ግድግዳው ላይ ተበትኖ ወለሉ ላይ ተንጣለለ። የተነፋውን ዱቄት ጭምር በእግሬ ገለበጥኩት።

«እህል ትደፊያለሽ?» አሮጊቷ ተነሡ። «በአራስ ቤት እህል ትደፊያለሽ? የማን ልጅ ነሽ አንች?»

«መርዝ ነው እማማ! አይንኩት!»

«አንችን ነው መርዝ የሚያረግሽ! ገብስ ነው፣ እኔ ገብስ አላውቅም?»

የአራሷ ባል ክንዴን ጠምዝዞ ወደ በሩ ገፋኝ። «ካድሬ ናት መሰለኝ፤ ቤታችን ድረስ መጥተው እህል ይደፉ ጀመር!» ይላል። የታመመው ሰውዬ ሚስት ባሏ ላይ ወድቃ ትጮኻለች። እኔም እጮኻለሁ፤ እንዴት እንደተሳደብኩ አላስታውስም። በዚህ መሀል ማንም ያላያቸው ዶሮዎች ገብተው የተደፋውን ይለቅማሉ።

መጀመሪያ ያየቻቸው አራሷ ናት። ከመጋረጃው ኋላ «ዶሮዋ፣ ዶሮዋ!» አለች። አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷን ጠምዝዛ ክንፏን እየጎተተች ትዞራለች። ወደቀች። ቀጥሎ ሌላዋ። ድስቱ ይንፈቀፈቃል። ሰው ሁሉ ቆሞ ዶሮ ያያል። እኔ ቆጠርኩ። ለምን እንደቆጠርኩ አላውቅም፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዘጠኝ ነበሩ። አምስቱ ወደቁ። አራቱ እየተንገዳገዱ ቆሙ። ከአራቱ አንዷ ከሁሉ የበለጠ ስትለቅም ያየኋት ናት።

«ልጄን አጥብቻለሁ» አለች አራሷ። «አሁን አጥብቻለሁ።»

«ከዱቄቱ ቀምሰሻል?»

«ገና ሊያገነፉልኝ ነው።»

እዚያው እርጥቡ ላይ ልቀመጥ ነበር። አሮጊቷ ናቸው በክርናቸው ደግፈው የያዙኝ፤ እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ወደ ላይ አንሥተውታል፣ ጸበል የነካ ያህል። «እጄንስ ምን ላርገው?» አሉኝ። «ልጄ፣ እጄንስ?»

ከዚያ በኋላ ሥራ ነበር። ልብሱን አስወልቄ በሳሙናና በውኃ አሳጠብኩት፤ አሮጊቷንም አሳጠብኩ። ወንዶቹ አልጋ አውጥተው፣ በአልጋው ተሸክመውት ወደ አርብ ገበያ ሮጡ። ጤና ጣቢያ የነበረው ድሬሰር ገና ሳያየው «ምን ጠጣ? ስሙን ንገሩኝ!» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ደብተሬን ገልጬ ፊደል በፊደል አነበብኩለት። አቋረጠኝ፣ መሳቢያ ከፈተ፣ መርፌ አወጣ። ወጋው፤ ዓይኑን አየ፤ ደግሞ ወጋው። ስንት ጊዜ እንደወጋው አልቆጠርኩም። ያን ጊዜስ አልቆጠርኩም።

ተረፈ። በሦስተኛው ቀን ነው አጥርቶ የተናገረው። ለሚስቱ የነገራት ይህን ነው፦ የክዳኗን ወዝ ባየ ጊዜ በመዳፉ ጠርጎ ጠበቅ አደረጋት፤ እጁን በሣር አበሰ፤ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ወስዶ በዚያው መዳፍ በሶውን አሸ። ሸትቶታል። «የመንግሥት ዕቃ ሁሉ ይሸታል ብየ ነው» አላት።

ንፋስ መውጫ ስመለስ ግምገማ ተጠራ። ታስሬ የምወጣ መስሎኝ እናቴን ተሰናብቼ ነው የሄድኩት። ሰብሳቢው ወረቀቱን አነሣ። «ለብቻው ይጫን ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ተነቦለት አትሟል። ጓዲት ግዴታዋን ተወጥታለች።» ተጨበጨበ። ለእኔ! ጥፋቱ የአራጁ አይደለም ቢባል አይደንቀኝም፤ እነሱ ግን ጥፋተኛው የታረደው ነው አሉ፣ ማስረጃውም ይኸው የጣቱ አሻራ።

ተነሣሁ። «ጠይቆኝ ነበር» አልኩ።

«ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

አፌን ከፈትኩ። «ያለ ባል ልትሄድ ነው ብሎ» አልኩ።

አዳራሹ ተንከትክቶ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያልኩት አልገባም፤ ኋላ ጸሐፊውን ለምኜ አንብቤዋለሁ።

ሰውዬው እስከ ጥቅምት አልታየም። ሲመጣ ከሚስቱ ጋር ነበር። ከስቷል፤ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ መጫኛ መቋጠር አይችልም። አህዮቹን የምትጭነው እሷ ሆናለች። ያን ቀን የሚሄደው ሰባት ጀሪካን ነበር። እኔም ከወንዝ ድንጋይ አስመጥቼ፣ ከሙሉ ጀሪካን ጋር በሚዛን አስተካክዬ፣ መጫኛ የሚይዝበት ጎድጓዳ በመዶሻ አስበጅቼ፣ ቀይ ቀብቼ አስቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ ከጻፍኩት ሥርም ጨምሬያለሁ፦ «ጎዶሎ ከሆነ ድንጋዩ አብሮ ይሂድ።» ጀሪካኖቹን አብሬ ተሸክሜ ከአጥሩ ውጭ አወጣሁ።

በዓይኑ ቆጠረ። ሰባት። ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ይናገሩ። የመጣልዎትን ይናገሩ።»

ድንጋዩ ላይ መዳፉን አሳረፈ። መዳፉ ድንጋዩም ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። አፉን ከፈት አደረገ፤ የሆነ ነገር ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ይመጣጠናል» አለ። ቀልድ አልነበረበትም። ሚስቱ በጉልበቷ ጭነቱን ገፍታ መጫኛውን ስታጠብቅ፣ እሱ እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሞ ቋጠሮውን ያይ ነበር።